ምዕራፍ ሰባት፦ ቦርከና ተሸክሞ የሚወርደው

ከሚሴ ውስጥ ዚንክ ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። የጣራውን ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የዚንክ ሽፋን ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጤና ኬላ ሲወሰድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከኦ አር ኤሱ ጋር የምትሰጠው እንክብልም ዚንክ ነው፤ ስድስት ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ላልሞላው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ሦስተኛው ዚንክ ግን በሐኪም አልታዘዘም፣ ከሱቅም አልተገዛም። ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ ቱቦ ወጥቶ ገባር ወንዝ ውስጥ ገብቷል፤ ያ ገባር ደግሞ ቦርከናን ይቀላቀላል፣ ቦርከናም ወደ ከሚሴ ይወርዳል።

አንዱ ንጥረ ነገር ቤት ይከድናል፣ ልጅ ያድናል፣ ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ አንድ ነገር መርዝ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሲጠየቅ ስሙን ብቻ ማወቅ አይበቃም። መጠኑ ስንት ነው? በምን መንገድ ገባ? በምን መልክ? ለስንት ጊዜ? ማን ላይ?

የመንገዱን ነገር የብየዳ ሠራተኛ ያውቀዋል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ወይም ላሜራ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። ያንን ጭስ ቀኑን ሙሉ የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። እንደ ከሚሴ ባለ ቆላማ ከተማ እንዲህ ያለ ሕመም መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ወባን ነው። ይሁንና የብረት ጭስ ትኩሳት የሚባለው ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። በብዙ የብየዳ ቤቶች ወተት መጠጣት ጭሱን ያጥባል ተብሎ ይታመናል። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የሚሄደው ወደ ሳንባ ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ሠራተኛውን የሚያድነው ክፍት ቦታ ላይ መሥራት፣ የሚበየደውን ጫፍ ሽፋን አስቀድሞ መፋቅና ተገቢውን መሸፈኛ ማድረግ ነው።

የጊዜውን ነገር ደግሞ ወሎ በጓያ ተምሮታል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም፣ ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳ ጥራጥሬ ነው። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ሲበላ ጉዳት አያመጣም። በችግር ዘመን ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው የነርቭ መርዝ እግርን ያሰንፋል፤ የተጎዳው ሰው ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይሄዳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በደላንታ ዳውንትና በአካባቢው ከ2,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ተጎድተዋል። ያጠቃቸው የተለመደው ምግባቸው ነው፤ የተለወጠው ብዛቱና የቆየበት ጊዜ ብቻ ነበር።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ወንዙ መውረድ ይቻላል።

ከደሴ እስከ ጨፋ

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ፣ የከተማዋን ቆሻሻ ተቀብሎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ በሐርቡ በኩል አልፎ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይገባል፤ ከሚሴን ተሻግሮም በጨፋ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። መጨረሻው የአዋሽ ተፋሰስ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ በአስፋልቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ መሬቱ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ወንዙ ያገኘውን ይዞ ለመውረድ ጉልበት አለው።

ኮምቦልቻ የወሎ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ሥጋና ብረታ ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ተሰባስበውባታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ለአካባቢው ወጣት ሥራ፣ ለከተማዋ ገቢ፣ ለሀገር የውጭ ምንዛሪ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። የሚጣለው ውሃ ግን ኮምቦልቻ ላይ አይቀመጥም። ጥቅሙ ደቡብ ወሎ ላይ ሲመዘገብ፣ ፍሳሹ የሌላ ዞን ነዋሪ በሚጠቀምበት ውሃ ይመጣል፦ አንዱ ሽንኩርቱን፣ ሌላው ከብቱን ያጠጣበታል።

ጨፋ ለከብት የተፈጠረ የሚመስል ቦታ ነው። በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ እዚህ ያለው ረግረግ ሣር አያጣም። የአካባቢው ኦሮሞ፣ አርጎባና አማራ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ከቆላው የሚመጣ የአፋር አርብቶ አደርም መንጋውን ይዞ ይሰፍርበታል። ውሃው በጥር የሚፈለገውን ያህል በሐምሌ አይፈለግም፤ በጥር ግን ወንዙ ቀጭን ስለሆነ ፍሳሹን የሚበርዝ ውሃ አነስተኛ ነው። ብዙ ሰውና ከብት የሚመጣበት ወቅትና ፍሳሹ ሳይበረዝ የሚወርድበት ወቅት ይገጣጠማሉ።

በጠርሙስ የተያዘው ማስረጃ

እስክንድር ዝናቡ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና በኔዘርላንድስ ከሚገኘው የዴልፍት የውሃ ትምህርት ተቋም የሆኑ ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ፍሳሽና ፍሳሹ የሚገባባቸውን ወንዞች ለክተዋል። ጥናቱ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የሥጋና የቢራ ፋብሪካዎችን ያካተተ ነበር። የተፈለጉት አራት ብረቶች ናቸው፦ ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ።

ውጤቱ ሁሉንም ፋብሪካ በአንድ ዓይን የሚያስኮንን አልነበረም። የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፍሳሽ በብረት ረገድ ከተፈቀደው ገደብ አላለፈም። መዳብ በሁሉም ዝቅተኛ ነበር። ከቆዳ ፋብሪካው የወጣው ፍሳሽ ግን በመካከለኛ እሴቱ በሊትር 26.6 ሚሊ ግራም ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረቱ የወጣው 155.75 ሚሊ ግራም ዚንክ ይዞ ተገኝቷል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የልቀት ገደብ በእጅጉ የበለጡ ናቸው።

ፍሳሹ የሚገባበት ለዮሌ ወንዝ ላይ የታየው ለውጥ ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። ከፋብሪካዎቹ በላይ በሊትር 51 ማይክሮ ግራም የነበረው ክሮሚየም፣ ወዲያው ከፋብሪካው በታች 2,660 ማይክሮ ግራም ሆኗል። 52 እጥፍ ማለት ነው። ዚንኩ ከ103 ወደ 520 ከፍ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ገደብ በሊትር 50 ማይክሮ ግራም ነው። ለዮሌ ከፋብሪካው በላይ በዚያ ገደብ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጥቂት ወረድ ሲል ገደቡን ከ50 ጊዜ በላይ አልፎታል።

ሁለቱም ብረቶች ከየት እንደመጡ የምርቱ ሂደት ራሱ ይነግራል። ቆርቆሮ ሲሠራ የብረት ላሜራው መጀመሪያ በአሲድ ይታጠባል፤ ቀጥሎ 450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሞቀ ቀልጦ የተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ያገለገለው አሲድና የማጠቢያው ውሃ ብረትና ዚንክ አሟሙተው ይወጣሉ። ውሃው ኖራ ተጨምሮበት አሲድነቱ ቢሰበር ዚንኩ ዝቃጭ ሆኖ ይወርድ ነበር። ይህ የተራቀቀ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ ገንዳ፣ ኖራና የሚከታተለው ሰው ይበቃዋል።

የክሮሚየም ሁለት ፊት

ቆዳ ፋብሪካ የገባ ሌጦ መጀመሪያ ከጨውና ከደም ይታጠባል። ከዚያ ጠጉሩ እንዲለቅ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል። ይህ ደረጃ ከወንዙ በፊት ሠራተኛውን ያሰጋዋል። ሰልፋይድ ያለበት ውሃ በኋላኛው ደረጃ ከሚወጣው አሲዳማ ውሃ ጋር በአንድ ጉድጓድ ከተገናኘ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ በትንሽ መጠን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ጉድጓድ ለማጽዳት የገባ ሠራተኛ ሲወድቅ ሊያወጣው የሚገባው ባልደረባውም አብሮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም ዙሪያ ባሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ይህ አደጋ ተደጋግሟል። መከላከያው ሁለቱን ፍሳሾች በተለያየ ቦይ ማስኬድ፣ አየሩ ሳይለካ ጉድጓድ አለመግባትና አዳኙም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አለመከተል ነው።

ክሮሚየሙ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ሌጦው በትልልቅ የሚሽከረከሩ በርሜሎች ውስጥ ከክሮሚየም ጨው ጋር ሲደባለቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አይበሰብስም። የድሮው የወሎ ቆዳ ፋቂ በዕፅዋት ልጥና ቅጠል በሳምንታት የሚሠራውን ክሮሚየም በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። ችግሩ ቆዳው የተሰጠውን ሁሉ አለመጠጣቱ ነው። በተለመደው አሠራር ከተጨመረው ክሮሚየም ከ60 እስከ 80 በመቶው ቆዳው ላይ ሲቀር የተቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል ነው በቱቦ የሚፈሰው።

ክሮሚየም በሁለት ዋና መልክ ይገኛል። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ባለ ሦስት ክፍያው ነው፤ ይህ በሰውነት ውስጥ ብዙም አይሰርግም፣ ከጭቃ ጋር ተጣብቆ መቀመጥም ይወዳል። ባለ ስድስት ክፍያው ግን ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ ወደ ሕዋስ ይገባል፣ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ያለው ግንኙነትም የተረጋገጠ ነው። በካሊፎርኒያ ሂንክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1966 ይህን ኬሚካል ለማቀዝቀዣ የተጠቀመ የጋዝ ኩባንያ የከርሰ ምድር ውሃ በመበከሉ በ1996 ለነዋሪዎቹ 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ታዲያ ከኮምቦልቻ የሚወጣው ቀላሉ ዓይነት ከሆነ ስጋቱ ምኑ ላይ ነው? መልኩ ቋሚ ባለመሆኑ ላይ ነው። የቆዳ ቁርጥራጭና ዝቃጭ ሲቃጠል፣ ወይም አፈር ውስጥ ከማንጋኒዝ ማዕድን ጋር ሲገናኝ፣ የተወሰነው ክሮሚየም ወደ አደገኛው መልክ ሊለወጥ ይችላል። ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ ቁርጥራጭ እየሰበሰቡ ማንደድ እንደ ተራ ነገር መታየት የሌለበት ለዚህ ነው።

ደለሉ የት ያርፋል

ፍሳሹ ከለዮሌ ወጥቶ ቦርከና ሲገባ ይበረዛል፤ ሐርቡን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ደግሞ ሌሎች ገባሮች ጨምረውበት ይበልጥ ቀጥኗል። የቢራና የሥጋ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የደሴም የሽንት ቤት ቆሻሻ፣ በመንገድ ላይ በባክቴሪያ ይበላሉ፤ ወንዙ በቂ አየርና ጊዜ ካገኘ ራሱን ከእነርሱ ያጸዳል። ብረት ግን አይበሰብስም። ከጭቃ ጋር ይጣበቃል፣ ውሃው ሲሰክን ይወርዳል፣ ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ተነስቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ እንደገና ይተኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጉዞ ነው፤ አንድ ቀን የተቀዳ ጠርሙስ ንጹሕ ቢመስልም የታችኛው ጭቃ የዓመታት መዝገብ ይዟል።

ወንዙ የሚሰክነው ደግሞ ጨፋ ላይ ነው። ሜዳ፣ ቄጠማና ደንገል ውሃውን ስለሚያዘገዩ ደለል ይወርዳል። ረግረግ በዚህ መንገድ ለታችኛው አዋሽ ማጣሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ የያዘውን ግን ከራሱ ጋር ያቆየዋል። አየር የማይደርሰው እርጥብ ጭቃ ብዙ ብረቶችን አጥብቆ ይይዛል። ጭቃው ተንጣፎ ሲታረስ አየር ይገባበታል፣ የታሰረውም ሊፈታ ይችላል። ጨፋን ለእርሻ ማድረቅ ሲታሰብ ሊቆጠር የሚገባው ወጪ የጠፋው ግጦሽ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ጨፋ ረግረግ ሥነ ምህዳር የታተመ ጥናት ኬሚስትሪን ብቻ ሳይሆን ነዋሪዎቹን ጠይቋል፤ ወፎችንና በዓይን የሚታዩ ትንንሽ የውሃ ነፍሳትን። አሠራሩ ቀላል ምክንያት አለው። ኦክስጂን የበዛበት ንጹሕ ውሃ የሚሹ እጮች ብክለት ሲመጣ ቀድመው ይጠፋሉ፤ አየር በሌለው ጭቃ መኖር የሚችሉ ቀይ ትሎችና አልቅቶች ይበዛሉ። የላብራቶሪ ማሽን የሚናገረው ናሙናው የተቀዳበትን ደቂቃ ነው፤ ነፍሳቱ ግን ባለፉት ወራት ምን እንዳለፈባቸው ይናገራሉ። መረብ፣ ነጭ ሳህንና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል፤ የከሚሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ሊማሩት ይችላሉ።

በመስኖ የሚለማው አትክልትስ? ሁሉም ብረት እኩል አይወጣም። ባለ ሦስት ክፍያው ክሮሚየም በአብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል። ዚንክና ካድሚየም ግን ወደ ቅጠል በቀላሉ ይወጣሉ፤ ከአትክልትም ቅጠላ ቅጠሉ፣ ሰላጣና ቆስጣው፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ይበልጥ ይሰበስባል። ምን እንደሚዘራ መምረጥ በገበሬው እጅ ያለ አንድ መከላከያ ነው።

የጂንዙ ወንዝ ገበሬዎች

ከላይ ማዕድን ወይም ፋብሪካ፣ ከታች መስኖ ሲገናኙ ምን ሊመጣ እንደሚችል ጃፓን በከባድ ዋጋ አይታዋለች። በጂንዙ ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ካሚዮካ የተባለ የዚንክ ማዕድን ነበር። የዚንክ ድንጋይ ውስጥ ካድሚየም አብሮ ይገኛል፤ ከማዕድኑ የወጣው ካድሚየም በወንዙ ወርዶ በቶያማ ግዛት የሩዝ ማሳዎች ላይ ተዘረጋ። ሩዙን ለአሥርት ዓመታት የበሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ብዙ የወለዱ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸው ከመሳሳቱ የተነሳ በሳል ብቻ የሚሰበርባቸው ነበሩ።

ኖቦሩ ሃጊኖ የተባለ የአካባቢው ሐኪም ምክንያቱ ካድሚየም ነው ሲል መጀመሪያ ብዙ ሰው አላመነውም። መንግሥት በሽታውን በብክለት የመጣ ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1971 ነዋሪዎቹ ኩባንያውን በፍርድ ቤት ረቱ፤ በ1972 ይግባኙም ጸናላቸው። የተበከለውን የማሳ አፈር የመመለሱ ሥራ በ1979 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2012 ነው።

ከጂንዙ ታሪክ ለቦርከና የሚጠቅመው ክፍል ካሣው አይደለም። ነዋሪዎቹ በ1972 ከኩባንያው ጋር ባደረጉት ስምምነት የራሳቸውን ባለሙያዎች ይዘው፣ በኩባንያው ወጪ፣ ማዕድኑ ውስጥ ገብተው የመፈተሽ መብት አግኝተዋል። በየዓመቱም ፈትሸዋል። ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን ቱቦ የሚያይበት በር ተከፈተለት፤ በወንዙ ውስጥ ያለው የካድሚየም መጠንም ከዓመት ዓመት ወርዷል።

ከሚሴ ራሷ የምትጨምረው

ወንዙ የሚያመጣው ብቻ ተቆጥሮ ማሳው ላይ የሚረጨው ቢዘለል ሒሳቡ ጎደሎ ይሆናል። በደዋ ጨፋና በአካባቢው ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጫት ይመረታል። ፀረ ተባይ ኬሚካል ያልደረሰበት አትክልት ጥቂት ነው።

በስፋት ከሚረጩት አንዱ ወገን ኦርጋኖፎስፌት ይባላል፤ ማላታይንና ክሎርፒሪፎስ ከዚህ ወገን ናቸው። ነርቭ ለጡንቻ ያስተላለፈውን መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ መልእክቱ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የተመረዘ ሰው ላብና ምራቁ ይበዛል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ የዓይኑ ብሌን መርፌ ቀዳዳ ያህል ይጠባል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቶሎ ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ እንዲያስመልሰው አለመገፋፋት፣ የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የሚሰጠው አትሮፒን በጊዜ ከደረሰ ሕይወት ያተርፋል።

ከ2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ መንጋ ወሎን፣ ሰሜን ሸዋንና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን ሲወር ገበሬው በጩኸት፣ በቆርቆሮ ድምፅና በጅራፍ ሲከላከል፣ መንግሥት በአውሮፕላንና በመኪና ኬሚካል አስረጭቷል። ለደረሰ ማሽላ ከአንበጣ የከፋ ጠላት የለም፤ መርጨቱ ተገቢ ነበር። ንቡም ግን እንደ አንበጣው ነፍሳት ነው፣ መርዙም አይለይም። ስለዚህ አናቢው የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅና ቀፎውን ማራቅ ይኖርበታል።

ማላታይን በቀናትና በሳምንታት ይፈርሳል። ለወባ መከላከያ በቤት ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከሐረርጌ የመጣ ጫት ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል፤ ለቤት ግድግዳ የተባለው ወደ ማሳ ሾልኮ ነበር ማለት ነው። ጫት ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ ስለሚቃም ቅጠሉ ላይ የቀረው ሁሉ በቀጥታ ወደ አፍ ይሄዳል። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቆረጥ መቆየት እንዳለበት በዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ገበያው ግን ያንን ቀን አይጠብቅም።

የተረፈው ኬሚካልስ? ኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት የገዛቻቸውና ጊዜያቸው ያለፈ ፀረ ተባዮች በየመጋዘኑ ተከማችተው ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) 1,500 ቶን ያህሉ ተጠቅልሎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ በልዩ ምድጃ ተቃጥሏል። ባዶው ጀሪካን ግን ፊንላንድ አይሄድም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ ካልተበሳ ነገ ውሃ ወይም ዘይት ይቀዳበታል።

ማን ይለካል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ከገደብ በላይ እንዳይለቅ ይከለክላል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጥቷል፤ ያ ጊዜ ያበቃው የለዮሌ ናሙናዎች በተወሰዱበት ዘመን አካባቢ ነው። ያው የምርምር ቡድን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ የጎደለው ምን እንደሆነ ጠቁሟል፦ በወንዙና በደለሉ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት በቋሚነት የሚለካ አቅም።

ይህ ጉድለት ከታች ያለውን ዞን ይበልጥ ይጎዳል። የኮምቦልቻን ፋብሪካ የሚቆጣጠረው በላይኛው ዞን ያለው አካል ነው፤ ውሃውን የሚቀበለው ከሚሴ ያለው። አዋጅ 300/1995 ግን ለታችኛው ሰው አንድ መሣሪያ አስቀርቶለታል። ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ብክለት በሚያደርስ ላይ ለፌደራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የደዋ ጨፋ ገበሬ ማኅበር፣ የከሚሴ መምህራን ወይም አንድ አርብቶ አደር ይህን ማድረግ መብታቸው ነው።

አቤቱታው የሚያስፈልገው ማስረጃ ከአቅም በላይ አይደለም። ናሙና የሚወሰድባቸው ሦስት ቦታዎች ይበቃሉ፦ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በላይ፣ ሐርቡ ላይ ቦርከና ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሳይገባ፣ ከዚያም ጨፋ ላይ። አንድ ጊዜ በጥር፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ፤ ከውሃው ጋር ደለሉም ይወሰዳል። ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ውሃው ላይ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ ናሙናውን የወሰዱት ሰዎች ይፈርሙበታል፤ ብረት መለኪያ ማሽን ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪም ይላካል። የላይኛው ዞን ባለሙያ፣ የፋብሪካው ተወካይና የከሚሴ ሰው አብረው ከቀዱት ውጤቱን ሦስቱም ወገኖች ሊክዱት አይችሉም።